ከሁሉም ስክሪን የጠፋው ፎልደር

ቃል ሰጪ፦ የሕንፃ ተቋራጭ ድርጅት የኮምፒውተር ባለሙያ፤ ስሟ ለደኅንነቷ ሲባል ለብቻው ተይዟል
ዕድሜ፦ 38
አድራሻ፦ ከአሮጌው አውቶቡስ ማቆሚያ ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

የድርጅቱ ፋይል ሁሉ ያለው አንድ ሰርቨር ላይ ሲሆን፣ ለማን የትኛው ፎልደር እንደሚታይ የማስተካክለው እኔ ነኝ። ያልተፈቀደለት ሠራተኛ ፎልደሩን መክፈት ቀርቶ ስሙንም አያየውም።

ሰኞ ጠዋት ሳይታችን ላይ ግንብ ተደርምሶ ሁለት ሠራተኞች ቆሰሉ። ሥራ አስኪያጁ ወዲያው ክፍሌ መጥተው ፎርማኑ የሳይቱን ፎቶ የሚያስቀምጥበት ፎልደር ለማንም እንዳይታይ አዘዙኝ። «ለእርስዎም ጭምር?» ብዬ ጠየቅኩ። «ለማንም አልኩ እኮ፤ ነገር አታብዢ» አሉኝ። የሁሉንም ፈቃድ አነሳሁ። በራሳቸው ኮምፒውተር ፈልገው ሲያጡት፣ «ተባረኪ፣ ተገላገልን» አሉ። የተደመሰሰ እንደመሰላቸው ጠረጠርኩ፤ ግን አላረምኳቸውም።

ማክሰኞ ፎርማኑ የግንቡን ስንጥቅ አይቶ አላሳወቀም ተብሎ ታሰረ። ረቡዕ ሚስቱ ቢሮ መጥታ፣ «እህትዓለም፣ በልጆችሽ ይዤሻለሁ፤ ባሌ ፎቶ አንስቼ እዚህ አስገብቻለሁ ይላል» አለችኝ። ሥራ አስኪያጁ ሰምተው የጸሐፊዋን ስክሪን አዞሩላትና፣ «እዚህ ቤት እንዲህ ያለ ፎልደር ኖሮ አያውቅም፤ ይኸው ዓይንሽ ይፍረድ» አሏት። እሷ ስትወጣ ወደኔ ዞረው፣ «ዝም አይነቅዝም» አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሰርቨሩ አርጅቷልና ቅዳሜ ሰው መጥቶ ይወስደዋል አሉ። ማሽኑ የተገዛው ዓምና ነው። ያን ጊዜ ፈቃዱን መልሼ ፎልደሩን ከፈትኩ። ከፎቶዎቹ በአንዱ ላይ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ጣታቸውን ስንጥቁ ውስጥ ከተው ይታያሉ። ፎቶዎቹን በፍላሽ ገልብጬ ወደዚህ ፖሊስ ጣቢያ በመምጣት ለመርማሪው አስረከብኩ።

በችኮላ ፈቃዱን የመለስኩት ለቢሮው ሁሉ መሆኑን ያወቅኩት፣ ቃሌን እየሰጠሁ ሳለ ሥራ አስኪያጁ ሲደውሉ ነው። በመርማሪው ትእዛዝ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አነሳሁ።

«አንቺ፣ ያን ነገር ማን መለሰው?»

«የትም አልሄደም እኮ ጋሼ» አልኳቸው።

ወንበር ሲገፋ፣ ከዚያም የቁልፍ ድምፅ ተሰማ። የሰርቨሩ ክፍል ቁልፍ ያለው በእሳቸውና በእኔ እጅ ብቻ ነው። ሁለት ፖሊሶች ወዲያው ወደዚያ ተልከዋል። እኔ ፎቶዎቹ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስለሆኑ ተቀምጬ ቃሌን ጨርሻለሁ።

የተጻፈው ተነብቦልኝ የራሴ ቃል መሆኑንና ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ ________
የመርማሪ ፊርማ ________