አራተኛው አንቀጽ

(በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ በአሜሪካ አንዲት የወንዝ ዳር መንደር፣ ቅዳሜ ከሰዓት፤ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያኑ መጋቢ ኦባዲያ በመሠረቱት የሴቶች ትምህርት ቤት ደጃፍ ቁልፉን ጨብጠው ቆመዋል፤ ዲያቆን ሩፎስ ሊቀበሏቸው እጃቸውን ዘርግተዋል።)

ዲያቆን፦ ቁልፉን ይስጡኝ እንጂ መጋቢ፤ እጄ ዛለ።

መጋቢ፦ ድምፅ የሚሰጠው ነገ! ዛሬ ምን አጣደፈዎት?

ዲያቆን፦ የነገው ያለቀለት ነው። አሥራ አራት ወንዶች ይዘጋ ብለዋል። ይቆይ የምትሉት እርስዎን ጨምሮ አምስት ናችሁ።

መጋቢ፦ ሃያ ሁለት ልጆች አሉብኝ እኮ! ያቺን ሩትን ወደ ቤቷ ብሸኛት ሳምንት ሳይሞላት ይድሯታል። ለአባቷ እኩያ!

ዲያቆን፦ ታዲያ የምድራት እኔ ነኝ?

መጋቢ፦ አንድ ዓመት ብቻ ስጡኝ። እባክዎ። እግርዎ ላይ ልውደቅ?

ዲያቆን፦ ኧረ ይነሡ፣ ሰው ያየናል! ጥፋቱ ደግሞ የራስዎ ነው። ለመሆኑ በምንድን ነው ንባብ ያስተማሯቸው?

መጋቢ፦ በምን ላስተምር? መጽሐፍ እንግዛ ብል እምቢ አላችሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ደንብ ሳጥን ሙሉ ተከምሮ ነበር፤ በእሱ አስጀመርኳቸው።

ዲያቆን፦ ኤዲያ! ሌላ ወረቀት ጠፍቶ? ልጄ ሐሙስ ራት ላይ አራተኛውን አንቀጽ ለእናቷ በቃሏ አነበነበችላት።

መጋቢ፦ አራተኛው… ተስፋ ቆርጬ ጭንቅላቴ ባዶ ሆኗል ዲያቆን። ምን ይላል?

ዲያቆን፦ «በወንዙ የተጠመቀ አባል ሁሉ በጉባኤ እጁን አንሥቶ ድምፅ ይሰጣል።» ወንድ ብቻ አይልም።

መጋቢ፦ አይልም። ጌታ ሆይ፣ አይልም!

ዲያቆን፦ ሴቶቻችን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዝም ብለው ነው የተቀመጡት። ልማድ ነው። በሰላም ኖረናል።

መጋቢ፦ እኔ ብቻ ያጠመቅኳቸው ሴቶች ሠላሳ አንድ ናቸው።

ዲያቆን፦ ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት! ዛሬ ቁልፉን በፈቃድዎ ካስረከቡኝ ጉባኤም አያስፈልግም። ይኸው፣ አሁን ደግሞ እኔ ልለምንዎ።

መጋቢ፦ ምን አስፈራዎት? ሴቶቹ ቢያውቁስ፣ በባሎቻቸው ፊት ማን ደፍራ እጇን ታነሣለች?

ዲያቆን፦ ዶርካስ፣ ባለቤቴ፣ ዛሬ ጠዋት የእሑድ ቀሚሷን ብብቱ ጋ ተርትራ ስታሰፋ አገኘኋት። ምን ሆነብሽ ብላት፣ «እጄን አላስነሣ ብሎኝ ነው» አለችኝ።