ከአሮጌው የውሃ ታንከር አጠገብ ስለቀረችው ሰማያዊ መኪና

የምስክር ቃል

ጉዳዩ፦ ጠፍታለች የሚል ማመልከቻ የቀረበላት ካሪን ፔልሃም
የምስክሯ ስም፦ ግሌኒስ ሜይ ትሬቮሮው
ዕድሜ፦ 67
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ ቀድሞ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር
አድራሻ፦ ካዲና፣ ደቡብ አውስትራሊያ፤ በአሁኑ ጊዜ መኪናዋ ውስጥ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ጊዜ፦ ባሮው ቤይ ፖሊስ ጣቢያ፣ ሐሙስ ጃንዋሪ 11 ቀን 2024፣ ከጠዋቱ 4፡15 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ሄዘር ኦክሊ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመለከተው ምስክር ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ሳጅን ኦክሊ አንዳንዱን አነጋገሬን ለመዝገብ እንዲመች ልታለሰልሰው ብትሞክርም አልተስማማሁም፤ እንዳልኩት እንዲጻፍ ጠይቄያለሁ።

መኪና ውስጥ የምኖረው ቤት አጥቼ አይደለም። ባለቤቴ ሌን በ2020 ከዚህ ዓለም በሞት እስከተለየበት ጊዜ ድረስ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየትምህርት ቤቱ ዕረፍት ተጎታች ቤት ይዘን አገር ዞረናል። ዞርን ይባል እንጂ፣ በሌን ሰዓት ተነስተን፣ በሌን ሰዓት ቆመን፣ ጄኔሬተሩ ከጮኸ ጎረቤት ይቆጣል እያልን፣ አጥር ባለው የካምፕ ቦታ ተራ ጠብቀን ነበር የምናድረው። በዓመቱ ተጎታቹን ሸጬ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ልጆቼ «እማዬ፣ በረሃ ላይ ባትሪ ያለቀብሽ ለት ማን ሊደርስልሽ ነው?» እያሉ ሳቁብኝ። የመጀመሪያውን ሌሊት ባሕሩን ቁልቁል ከሚያየው ገደል በላይ አቁሜ፣ የኋላውን ወንበር አጥፌ ፍራሽ ዘርግቼ፣ የአየር ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ተኛሁ። የሞተር ድምፅ የለም፣ ጭስ የለም፣ የሚቆጣ ሰው የለም። ጠዋት በመኪናዋ ኤሌክትሪክ ውሃ አፍልቼ ሻዬን ጠጣሁ። ያን ጠዋት ከደስታ ብዛት አልቅሻለሁ። የትም ሄጄ የትም ማደር እንደምችል ያወቅሁት በስድሳ አራት ዓመቴ ነው።

ካሪን ፔልሃምን ያወቅኋት ኖቬምበር 28 ቀን 2023 በባሕሩ ዳር ባለ የካምፕ ቦታ ነው። ዕድሜዋ ወደ አርባ ይጠጋል። አሮጌ ሰማያዊ የኤሌክትሪክ መኪናና ቶፊ የምትባል ሦስት እግር ያላት ቡችላ ይዛ ነበር። ሙቀቱ ከአርባ ዲግሪ በላይ ሆኖ ሳለ መስኮቶቿን ከፍታ በዝንብ ስትበላ አየሁና ሄጄ ማቀዝቀዣውን ለምን እንደማትከፍት ጠየቅኋት።

«ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራ ባትሪው አያልቅም?» አለችኝ።

«ከመቶ አሥር፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት ቢበላ ነው። ዝም ብለሽ ተኚ።»

«ማንም አያጠፋብኝም?»

«ማን ሊያጠፋብሽ? መኪናዋ ያንቺ አይደለችም እንዴ?»

 የጥያቄዋ ምክንያት የገባኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ራሷ ስትነግረኝ ነው። ባሏ ዳሪል ፔልሃም ለልደቷ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶላት ነበር፤ መኪናዋ ግን በእሱ ስም ነበረች፤ በስልኩም ከሩቅ ያዝዛት ነበር። የት እንደቆመች፣ በሯ መቼ እንደተከፈተ፣ ስንት በመቶ እንደቀራት ሥራው ላይ ሆኖ ያያል። አንድ ቀን ካሪን ባሕር ዳር አቁማ እንቅልፍ ሲወስዳት ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ማቀዝቀዣውን አጠፋባት። በላብ ተጠምቃ ስትነቃ ስልኳ ላይ «ሞቀሽ እንዴ? ቤት ይቀዘቅዛል» የሚል መልእክት አገኘች። በሳምንቱ ያቺን መኪና ደጃፉ ላይ፣ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች። ሰማያዊዋን በራሷ ስምና በራሷ ገንዘብ ነው የገዛቻት።

ስድስት ሳምንት አብረን ተጓዝን። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። በመጀመሪያ ባትሪው ከአርባ በመቶ በታች ሲወርድባት ማቀዝቀዣውን አጥፍታ በዝግታ ትነዳ ነበር፤ በኋላ ግን በአሥራ ሦስት በመቶ እየዘፈነች ማደያ ስትገባ አይቻለሁ። የልጄን ያህል ወድጃታለሁ፣ ይህም ይጻፍልኝ።

አሁን የሠራሁትን ጥፋት እናገራለሁ። ሳጅኗ በናፍታ መኪና የምትሄድ ስለሆነች የኛን ልማድ ላስረዳት ተገድጃለሁ። የናፍታ መኪና ጄሪካን ጭኖ በፈለገበት ይሄዳል። እኛ ግን ወደ ምዕራብ በሚወስደው በዚያ ረጅም መንገድ የቻርጅ ማሽን ያለባቸው ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንዱ ከተበላሸ ሰው በረሃ ላይ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ማሽን በተጠቀመ ቁጥር ፎቶ አንስቶ፣ ይሠራል ወይም አይሠራም ብሎ፣ በኢንተርኔት ባለው የተጓዦቹ ግሩፕ ላይ ይለጥፋል። ይህን ሳያደርግ የሄደ ሰው እንደ ባለጌ ይታያል። ማክሰኞ ጃንዋሪ 9 ከቀኑ 9፡30 ሰዓት ላይ ዴንት ዌልስ ማደያ ደረስን። ነፋሱ ከምድጃ የወጣ ይመስል ነበር። የማደያው ባለቤት ሞሪስ ገና ከበሩ ላይ ጀመረኝ።

«ግሌን! ያቺን የልብስ ማጠቢያ ማሽንሽን ዛሬም ይዘሻት መጣሽ?»

«አንተስ ያንን የናፍታ ሽታህን ዛሬም አልታጠብከውም?»

«እኔ የምሸተው ገንዘብ ገንዘብ ነው፣ አሮጊት። ሁለታችሁ አንድ ማሽን ላይ ስትጠባበቁ ምሳዬን ትበላላችሁ፣ ይኸው አተረፍኩ!»

መጀመሪያ እኔ ሞላሁ፣ ከዚያ ካሪን ሰካች። ካሪን ለቶፊ ውሃ ስትሰጥ ጀርባዋን አዙራ ነበር። እኔ መኪናዋን ከማሽኑ ጋር ፎቶ አነሳሁ። «ዴንት ዌልስ፣ ደህና ይሠራል፣ ቀስ ይላል እንጂ» ብዬ ለጠፍኩ። ፊቷ ስላልታየ ምንም ያጠፋሁ አልመሰለኝም። ሦስት እግር ያላት ውሻ ግን ፎቶው መሐል ቆማ ነበር።

በሩብ ሰዓት ውስጥ «ምዕራብ ነፋስ» የሚል ስም ያለው ሰው ጻፈልኝ። «አመሰግናለሁ። ባትሪዬ እያለቀ ነው። ሰማያዊዋ ብዙ ትቆያለች? ተራ እንዳልጠብቅ ብዬ ነው» ይላል። እንዲህ ያለ ጥያቄ በየቀኑ ይመጣል። እኔም «አይዞህ ወንድሜ፣ እስከ 12 ሰዓት ትጨርሳለች። እኛ ከማደያው ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር ላይ ካለው አሮጌ የውሃ ታንከር ጀርባ ነን የምናድረው። ወንበር አይጠፋም፣ ብቅ በል» ብዬ መለስኩለት። ማምሻውን ወንበር አውጥቶ ከማያውቁት መንገደኛ ጋር አንድ ቢራ መጠጣት የኛ ሰዎች ወግ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ የካሪንን ማደሪያ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ካሪንን እንኳ አልጠየቅኋትም።

ከምሽቱ 12፡45 ላይ ታንከሩ ጋ ደርሰን መኪኖቹን ጎን ለጎን አቆምን። እዚያ ስልክ አይሠራም። 1፡30 ገደማ፣ ፀሐይ ገና ሳትገባ፣ አንድ ነጭ ፒክአፕ ከአውራ ጎዳናው ወጥቶ ከእኛ አራት መቶ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ቆመ። ማንም አልወረደም። እኔ ብድግ ብዬ እጄን አውለበለብኩ።

«ማንን ነው የምትጠሪው?» አለች ካሪን።

«ያ ባትሪው ያለቀበት ሰውዬ መሆን አለበት። ጋብዤው ነበር።»

ይህን ስናገር ራሴው ቃሌን ሰማሁት። ፒክአፑ የናፍታ ነው፤ ድምፁን ስንሰማው ነበር። ባትሪ የለውም። ካሪን ስልኬን ከእጄ ወስዳ የተጻጻፍነውን አነበበች። ከሰውየው ስም ጎን ትንሽ ፎቶ ነበረች፤ ቀይ የፖስታ ሳጥን።

«እኔ ነኝ የቀባሁት» አለች። «የቤታችን ነው። ዳሪል እንዳየው ብሎ ነው ያደረገው።»

አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ወንበሯን አጣጠፈችና «በቃ፣ ልመለስ» አለችኝ።

«የት?»

«ቤት ነዋ። ግሌን፣ ያለው መንገድ አንድ ነው። ቀጣዩ ማሽን መቶ ዘጠና ኪሎ ሜትር ነው። ከኋላዬ ቀስ እያለ ይነዳል፣ ስቆም ይቆማል። መሮጥ አያስፈልገውም።»

እውነቷን ነበር። እኔ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ስነዳ አንድም ልጅ መንገድ ላይ ጥዬ አላውቅም፤ እንዲህም አልኳት። የሰማያዊዋን መጋረጃዎች ጋረድን፣ የውስጡን መብራት አበራን፣ ማቀዝቀዣውን ለቀቅነው፣ ጫማዋን በሩ ሥር አስቀመጥን። መኪኖቹ ጎን ለጎን ስለቆሙ፣ እሱ በማያየው በመካከላቸው ባለው ክፍተት ካሪን ቶፊን አቅፋ በሆዷ እየተሳበች ወደ እኔ መኪና አለፈች፤ ፍራሹን ከላይዋ፣ ብርድ ልብሱን ከፍራሹ ላይ አደረግሁ። 2፡20 ላይ ተነስቼ ወደ ማደያው አቅጣጫ ነዳሁ። በእሱ አጠገብ ከማለፍ በቀር ሌላ መውጫ የለም። እጁን በመስኮት አውጥቶ አስቆመኝ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የረጋ፣ ጨዋ የሚመስል ሰው ነው።

«ወንበር አይጠፋም ብለሽኝ ነበር» አለ።

«ጥቂት ነገር ልገዛ ወደ ማደያው ብቅ ብዬ ልመለስ ነው። ቁጭ ብለህ ጠብቅ።»

«ጓደኛሽስ?»

«ራሷን አሟታል፣ ተኝታለች።»

ወደ ሰማያዊዋ መኪና አየ። መስኮቶቿ ተዘግተው መብራቷ በርቶ ከሩቅ ይታያል። «ሙቀት አትችልም» አለና ፈገግ አለ። «ቀስ ብለሽ ሂጂ፣ እናቴ። ቶሎ መመለስም አያስፈልግሽም።» ከዚያም መንገዱ እንዲሰፋልኝ ፒክአፑን ወደ ኋላ መለስ አደረገልኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። እኔ የማመልጠው መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን እንድሄድለት ነበር የፈለገው።

ማደያው ስደርስ ሞሪስ በመስመር ስልኩ ለፖሊስ ደወለ። ቅርብ ያለው የጥበቃ መኪና ለመድረስ ሁለት ሰዓት እንደሚፈጅ ተነገረን። ሞሪስ ያን ምሽት አንድም ቀልድ አልተናገረም። ሁለት ጠርሙስ ውሃና የውሻ ምግብ ሰጥቶኝ የማደያውን የውጭ መብራት አጠፋልኝ። እኔም እሱ ቀድሞ ይደርስብናል ብዬ ፖሊሶቹን አልጠበቅሁም። ከዚያ በኋላ ቻርጅ ያደረግሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ማሽኖቹ ይሠሩ እንደሆነና እንዳልሆነ ለማንም አልጻፍኩም።

ረቡዕ ጠዋት ፖሊሶች ሰማያዊዋን መኪና ሦስት መስኮቶቿ ተሰብረው፣ ፍራሹ በስለት ተቀዶ፣ ማቀዝቀዣው ለባዶ መኪና ሲሠራ እንዳገኟት ከሳጅን ኦክሊ ሰምቻለሁ። በዚያው ቀን ዳሪል ፔልሃም ሚስቴ ጠፋችብኝ፣ አእምሮዋ ልክ አይደለም፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው ከአንዲት አሮጊት ጋር ነው ብሎ ማመልከቱም ተነግሮኛል። እኔ ወደዚህ ጣቢያ የመጣሁት በዚህ ምክንያት ተጠርቼ ነው። ስገባ ነጩ ፒክአፕ ማዶ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ቆሞ አየሁ፤ የከተማው ብቸኛ የቻርጅ ማሽን የሚገኘውም እዚያው ነው። ሳጅኗ በመስኮት አይታ ታርጋውን መዝግባለች። መኪናዬ ዘጠኝ በመቶ ቀርቷታል። ሳጅኗ በጣቢያው ግቢ ካለው ተራ ሶኬት እንድሰካ ፈቅዳልኛለች፣ አመሰግናታለሁ። በዚህ ሶኬት ለመሙላት ግን እስከ ነገ ይወስዳል። እሱም ይህን ያውቃል፤ ሰዓቱን ከእኔ ይልቅ እሱ አስልቶታል።

ሳጅን ኦክሊ ካሪን ፔልሃም በአሁኑ ሰዓት የት እንደምትገኝ ጠይቃኛለች። እኔም ይህ ጽሑፍ ወደፊት በማን እጅ እንደሚገባ ጠየቅኋት። አስቀድማ ቃል ልትገባልኝ እንደማትችል በእውነት ነግራኛለች።

ከዚህ በላይ የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ፣ የተናገርኩት መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ሁሉም እውነት ነው። ሌላ የማውቀው ነገር የለም የሚለውን ሐረግ ግን እንድትሰርዘው ጠይቄ ተሰርዟል። የማውቀው አለ። ካሪን በሕይወት አለች፣ በፈቃዷ ነው የሄደችው፣ ያለችበትንም ቦታ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ተናግሬያለሁ፣ ሁለተኛ አልናገርም።

የምስክሯ ፊርማ፦ ግ. ሜ. ትሬቮሮው
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ሳጅን ሄ. ኦክሊ
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከቀኑ 6፡40