ጢም ያላለው ጠርሙስ

ከዳንግላ ወደ ቆሰበር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ጋሽ ይሄነው አጠገብ የተቀመጠችው በምግብ ምህንድስና ገና የተመረቀችው ትዕግስት ነበረች። ተምሮ ሥራ ያላገኘ ሰው ምክር አያጥረውም፤ ጋሽ ይሄነውም ለምክር የተመቹ ተጓዥ ሆኑላት። ሟች ባለቤታቸው ማናለብሽ ትበርዘው የነበረውን፣ አፍንጫ ነዘር የሚያደርገውን የማር ብርዝ በጠርሙስ አሽገው ለመሸጥ ማሽን ሊገዙ ዳንግላ ሄደው እየተመለሱ መሆናቸውን ሚኒባሱ ሳይሞላ ነገሯት። እሷ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ያለ ብርዝ አፋቸው አልገባም።

መርጠው ያዘዙት ማሽን ከላይ ክፍት ሆኖ ጠርሙሱን እስከ አፉ ጢም የሚያደርግ ነው። ነጋዴው ሌላም አሳይቷቸው ነበር፤ ያኛው ግን የጠርሙሱን አንገት ባዶ ይተዋል።

«አጉድሎ መቅዳት በእኛ ዘንድ ነውር ነው» አሉ። «ይሄነው ቋጣሪ ሆነ ልባል?»

ትዕግስት በትሕትና ተከራከረች። ክፍቱ ማሽን ለውሃና ለዘይት እንጂ ጋዝ ላለው መጠጥ እንደማይሆን፣ ሲንፎለፎል ጋዙ ሁሉ እንደሚያመልጥ አስረዳች። እሳቸው አረፋው ሲገነፍል እንደ በረከት ነው የሚያዩት።

«ዩኒቨርሲቲ የከረማችሁት ባዶ አንገት ልትሸጡልን ነው እንዴ?»

«ጋሼ፣ እትዬ ማናለብሽ እንዴት ነበር የሚያስቀምጡት?»

ጋሽ ይሄነው በእጃቸው የገንቦ ቅርጽ ሠሩ።

«ገንቦውን አትሞላውም። አፉን ጥርቅም አድርጋ ምንጭ ውስጥ ትነክረዋለች። ‹ሙይው እንጂ› ስላት፣ ‹መተንፈሻ ይተዉለት› ትለኝ ነበር።»

«ያኛውም ማሽን የእሳቸውን ነው የሚያደርገው» አለች ትዕግስት። «መጠጡን ያቀዘቅዛል። ከጠርሙሱ አፍ ገጥሞ መጀመሪያ ጋዝ ያስገባል፤ ከዚያ መጠጡ ሳይረበሽ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የሚጎድለው አንገትም ሙቀት ሲያገኘው እንዳይፈነዳ ነው።»

ሽማግሌን ዲግሪ አይረታውም፤ ሚስቱ ግን ሞታም ትረታዋለች። ከዚያ በኋላ ጠያቂው እሳቸው ሆኑ፤ እሷም ብርዙ ነዘር ማድረጉን ሳያጣ ጥሊሊ ድረስ እንደሚዘልቅ፣ በአረፋ የሚባክነው እንደሚቀር፣ የመንደሩ ንብ አናቢም ቋሚ ገዢ እንደሚያገኝ ዘረዘረችላቸው።

ቆሰበር እንደወረዱ ለነጋዴው ደውለው ክፍቱን ትተው ሌላውን እንደሚወስዱ ነገሩት። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ግን ከመንገዱ ዳር አልተንቀሳቀሱም።

«ማሽኑስ ተገኘ» አሉ። «የመጀመሪያውን ጠርሙስ ቀምሶ ‹አዎ፣ ይኼ ነው› የሚለኝ ማነው?»