መብራት ከበራ በኋላ የተጠረገ ቤት

ሁሉ ነገር የተበላሸው የሁለት ዓመት ተኩሉ ካቪን የአባቱን እንግዳ «እግር! እግር አንሳ!» ያለ ጊዜ ነው። ዕለቱ አርብ ነው፤ ጀንበር ጠልቃ የጸሎቱ መብራት ገና በርቷል። የብልጽግና አምላካችን ላክሽሚ ሀብት ይዛ እንድትገባ የፊት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ክር ሊገዙ ከቲሩፑር የመጡት ሰውዬ የተጠበሰ ሙሩኩ ሲቆረጥሙ ፍርፋሪው እግራቸው ሥር ወድቋል። ካቪን ደግሞ እኔ ካሠለጠንኩት ወዲህ ፍርፋሪ አይቶ ዝም የሚል ልጅ አይደለም። በልኩ የተሠራችለትን ትንሽ መጥረጊያ ከበሩ ኋላ አመጣ፤ ሰውዬውን እግር አስነሣ፤ ጠራረገ፤ ሁሉንም በተከፈተው በር ወደ ውጭ ሸኘው። በኮይምባቶር ከተማ ላክሽሚን በመጥረጊያ የተቀበለ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

አያቱ ለጉብኝት እዚያው የተቀመጥኩት እኔ ላይ ጮኹ። «መብራት ከበራ በኋላ ቤት ይጠረጋል? ሀብቱ አብሮ ተጠርጎ አይወጣም? ያውም በወንድ ልጅ! አንቺ ልጅ፣ ምን ብንበድልሽ ነው መጥረጊያ ያስያዝሽብን?»

«እኔ ያስተማርኩት መጥረግ ነው፣ እማማ፤ ሰዓቱን የመረጠው እሱ ነው» አልኩ።

ሳቁ፣ እንግዶቻችን፣ ግዴለም። ዛሬ የምንሸኛቸው ታላቅ እህታችን፣ አካ ኮማላቫሊም፣ እየሳቁ ነው። ያን ሰሞን ግን አልሳቁም፤ እመጣበታለሁ።

አካ፣ እርስዎ እዚህ የልጆች ቤት ማስተማር የጀመሩበትን ቀን እኔ አላየሁም፤ ገና አልተወለድኩም። እንደሚወራው ከሆነ የያኔዋ ዳይሬክተር የሳሪያቸው ጫፍ በብረት በሩ ተይዞባቸው ይታገላሉ። አዲሷ መምህርት አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ «ቀስ ብለው፤ ይችላሉ» ትላቸዋለች። ጫፉን በጣቷ እንኳ አልነካችም። ዳይሬክተሯ ሳሪያቸውን ቀደው ወጡ። እርስዎ በማግስቱ እንዴት ከሥራ እንዳልተባረሩ አምላክ ይወቀው።

ከዚያ ወዲህ እኚህ ሴት ማንንም ረድተው አያውቁም። እናንተ ታውቃላችሁ! ስኩተሬ በዝናብ አልነሣ ሲለኝ ጃንጥላ ዘርግተው፣ ለራሳቸው ማለቴ ነው፣ ቆመው ያዩኛል።

«አካ፣ ይግፉኝ እንጂ!»

«አንድ ጊዜ ደግመሽ ሞክሪ። በዝግታ።»

ኤሌክትሪክ ሊጠግን የመጣው ሰውዬ «መሰላሉን ያዙልኝ» ቢል፣ «ሐሳቡን ሰብስቧል፤ አታቋርጡት» ብለው ሁላችንንም ከክፍሉ አስወጡን። ሰውዬው ጣሪያ ሥር ተንጠልጥሎ ሲጣራ በረንዳ ላይ ቆመን ሰማነው።

ወላጆችን ልናስተምር ቤት ለቤት ስንዞርም ያው ናቸው። እናት፣ አያትና ሞግዚት ተራ ገብተው አንድ ልጅ በሩዝና በቅቤ ከሚያሳድዱበት ቤት እንገባለን። አካ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ ሁለት ኩባያና ጥቂት ምስር ያቀርባሉ። ልጁ ምስሩን ከኩባያ ወደ ኩባያ ይገለብጣል፤ ይደፋል፤ ይለቅማል፤ እንደገና ይደፋል። ሙዙን ራሱ ይልጣል፤ ያፈሰሰውን ውሃ ራሱ ያደርቃል፤ የበላበትን ሳህን ራሱ ያጥባል። እናትየው አላስችል ብሏት ብድግ ስትል «እጅሽ ላይ ተቀመጪበት» ይሏታል። እውነት እላችኋለሁ፣ እጃቸው ላይ ተቀምጠው የሚያለቅሱ እናቶች አይቻለሁ። ያለቀሱት ልጁ ስለቻለ ነው።

እኔም እጄ አላርፍ ይል ነበር። በመጀመሪያው ዓመቴ አንዲት ልጅ ከልብሷ ቁልፍ ጋር ስትታገል ዘልዬ ልዘጋላት ስል፣ አካ የእጄን አንጓ ያዙኝና በጆሮዬ «ድሏን አትስረቂያት» አሉኝ። እናቴ ግራ ጎኗ አልታዘዝ ብሎ አልጋ የያዘች ጊዜ በማንኪያ አጎርሳት ነበር። አካ መጡ፤ ማንኪያውን ከእጄ ወስደው አስቀመጡት፤ ያንኑ የሕፃናቱን ኩባያና ምስር እናቴ ጭን ላይ አኖሩላት። እናቴ እኔንም እርስዎንም ስትሰድብ ሰነበተች። ዛሬ አሬራዋን ራሷ ቀድታ ትጠጣለች። ይህን በምን ቃል አመሰግናለሁ? አካ፣ እጅዎ ይባረክ። ያልነካው እጅዎ ይባረክ።

የተናደድኩትም ለዚሁ ነው።

ካቪን በጠረገ ማግስት አካ ፍራፍሬና አበባ በትሪ ይዘው ወደ ቤተሰቡ ሄዱ። «ልጅቷ ገና ናት፤ ወጉን አታውቅም፤ ይቅር በሏት» አሉ። ተመልሰው ደግሞ እንደ ምሥራች ነገሩኝ።

«ይቅርታ ጠይቄልሻለሁ፤ አሁን ተረጋጊ።»

«ማን ጠይቁልኝ አለዎት?»

«ብትሄጂ ትጣያለሽ ብዬ ነዋ፣ ልጄ።»

«ልጣላ! ጠቡ የኔ አይደለም እንዴ?»

«ነገሩ እስኪበርድ ክፍል ውስጥ ቆዪ።»

ለሁለት ዓመት ሕፃን ሙዝ ልጠው የማያውቁ ሴት፣ ለሃያ ሰባት ዓመት ሴት ይቅርታ ጠየቁላት! ወጉን ደግሞ አውቃለሁ፤ እኔም እዚሁ ነው ያደግሁት፣ እኛም ቤት አርብ መብራት ይበራል። ላክሽሚ እንኳ አልተቀየመችም። ሰውዬው በልጁ ስቀው ክሩን ገዝተው ሄደዋል።

ይኸው ከዚያ ሰሞን፣ ከፖንጋል የመኸር በዓል ወዲህ፣ ቤት ለቤት አልወጣሁም። ለወላጆች በምንሰጠው ምክር ውስጥ መጥረጊያ «ለሴቶች ልጆች» ሆኗል። ባለፈው የካቪንን እናት ገበያ አገኘኋት። መጥረጊያዋን ቁም ሣጥን ላይ ሰቅለውበታል። ልጁ ከሥሩ ቆሞ እጁን ይዘረጋል፤ ሲደክመው ተቀምጦ አፉን ይከፍታል፤ ያጎርሱታል። «አያቱ እንዳይቀየሙ ብዬ ነው» አለችኝ፣ ቲማቲሙን እያየች።

ዛሬ ከሰዓት ደግሞ አካ ወጥ ቤት ተከትለውኝ መጡ። «ንግግርሽን አንዴ ልየውና ላለሳልሰው?» አሉኝ። አካ! እጅዎ ላይ ይቀመጡበት!

አይ፣ አይነሡ፤ እየጨረስኩ ነው።

ከእርስዎ በኋላ የቤት ለቤቱን ሥራ ማን እንደሚመራ ቦርዱ ገና አልወሰነም። ሰብሳቢያችን እዚያ ጥግ ተቀምጠዋል፤ እንደምን አመሹ፣ ጌታዬ። «ትንሽ ብትለዝቢ ቦታው ያንቺ ነው» ብለውኛል። ቦታውን እፈልገዋለሁ፤ አልደብቅም። ከእኔ በተሻለ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ዛሬ ጡረታ ወጡ።

በሉ፣ አሬራችሁን አንሡ። ለአካ ኮማላቫሊ! ጉልበትዎ ይጽና፤ እንቅልፍዎ ይጣፍጥ፤ ያሳደጓቸው ልጆች በየደረሱበት ስምዎን በደግ ያንሡት። እወድዎታለሁ፤ ይህን በሰው ፊት ስል አላፍርም።

ሌላውንም በሰው ፊት ልበለው። ቦታውን ከሰጣችሁኝ በገባሁበት ቤት ሁሉ ወንዱም ሴቷም አንድ ሥራ ይማራሉ። አያት ከተቆጣች በሯን የማንኳኳው እኔ ነኝ። ካጠፋሁ በገዛ አፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ካላጠፋሁ ግን ማንም፣ በፍቅርም ቢሆን፣ በእኔ ስም ይቅርታ እንዲጠይቅ ከእንግዲህ አልቀበልም።