ጣውላ ነጋዴው ቤት ለቅሶ ደረስን
ሶ፣ ከሥራ ኦፍ በሆንኩበት ቀን እማዬን ፎርት ዎርዝ ከተማ ወስጄ፣ ድሮ አንድ የጣውላ ከበርቴ ያሠራውን ትልቅ ቤት እያስጎበኘኋት ነው። አስጎብኚዋ፣ ሸበት ያለች ፈረንጅ፣ "ትንሿ ልጁ የሞተችው እዚህ ክፍል ውስጥ ነው" ስትል ተረጎምኩላት። ምነው ምላሴን በቆረጠው! እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወለሉ ላይ ቁጭ። "ኧረ እማዬ፣ ከሞተች ስንት ዘመኗ!" ብላት፣ "እኔ ገና አሁን አይደል የሰማሁት? ዘመድ የላትም?" አለችኝ።

አስጎብኚዋን ጠየቅኳት። "ማንም አልቀረም፤ ቤቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ" አለች። "እንግዲያው እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ" አለቻት እማዬ። ይህንንም ተረጎምኩ። ሴትዮዋ ከእማዬ ጎን ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሌሎች ጎብኚዎች በሩ ላይ ሲደርሱ እጇን አንስታ፣ "አንዴ ታገሱን" አለቻቸው፤ "ሐዘን ላይ ነን።"