የአክስቴ ዘይነባ ድምፅ ሲጠፋ

አክስቴ ዘይነባ ሐይቅ ገበያ ዓሣ ስትሸጥ ድምጿ አስፋልት ማዶ ይሰማ ነበር። እንቅርቷን በቀዶ ጥገና ካስወጣች ወዲህ ግን ከሹክሹክታ አላለፈም፤ ተጨንቀን ከባሏ ከአጎቴ ሰይድ ጋር ደሴ ወሰድናት። ሐኪሟ አንገቷን በአልትራሳውንድ እያየች «እስቲ ‹ኢ› ይበሉ» አለቻትና ስክሪኑን አዞረችልን። «የቀኙ የድምፅ አውታር ይንቀሳቀሳል፤ የግራው ግን ሽባ ሆኗል።»

አክስቴ ስክሪኑን ትኩር ብላ አየችና፣ «አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ተጋድሞ ያያል። የኛን ቤት ነው እንዴ ያነሱት?» ብላ አንሾካሾከች። እኔ ሳቄን ለማፈን ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ሐኪሟም እየሳቀች፣ «በቀዶ ጥገናው የተጎዳው የድምፅ አውታሩ ነርቭ ከጊዜ በኋላ ሊያገግም ይችላል፤ እስከዚያ የድምፅ ልምምድ ያግዝዎታል» አለቻት። ይሄኔ አጎቴ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ወላሂ ዶክተር፣ ልምምዱን ዛሬውኑ ያስጀምሯት፤ ቤቱ ጭር ብሎብኛል» አለ።