ትኩሳቱና የእንጨት ማንኪያው

ኔሬይዳ ከምትማርበት ከሞሬሊያ ከተማ ለዕረፍት በመጣች ማግስት፣ እማማ ኤርሜሊንዳን የበቆሎ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ አውቶቡስ ሲጠብቁ አገኘቻቸው። የልጅ ልጃቸው ሊሳንድሮ ጀርባቸው ላይ ታዝሏል። ገና ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ በሹራብ፣ በሱፍ ኮፍያና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከአፍንጫው በቀር የሚታይ ነገር አልነበረውም። ቀኑ ደግሞ ጠራራ ፀሐይ ነበር።

እማማ ኤርሜሊንዳ ሰላምታውን የመለሱት በግማሽ ልብ ነው። ባለፈው ሳምንት ልጁ ትኩሳት ይዞት ምሳ ሲያበሉት፣ ድንገት ዓይኑ ወደ ላይ ተገለበጠ፤ ጥርሱ ገጠመ፤ እጅና እግሩ ይንዘፈዘፍ ጀመር፤ ከንፈሩ ጠቆረ። ሞተ ብለው ጮኹ። ልጁን ትንሽ ቆይቶ ተወውና እንቅልፍ ወሰደው፤ እሳቸውን ግን ፍርሃቱ እስከ ዛሬ አልተዋቸውም። እናቱ ኡሩአፓን ከተማ አቮካዶ ማሸጊያ ውስጥ ስለምትሠራ ልጁን አደራ ብላ የሰጠችው ለእሳቸው ነው። ሲተኛ ይተነፍስ እንደሆነ ለማየት ጆሯቸውን ደረቱ ላይ ይለጥፋሉ። ጎረቤቶች ምላሱን እንዳይውጥ ጥርሱን በማንኪያ ይፈልቅቁ ስላሏቸውም፣ በሽርጣቸው ኪስ አንድ የእንጨት ማንኪያ ይዘው ይዞራሉ።

«ወዴት ነው እማማ?» አለች ኔሬይዳ።

«ወደ ባህል ሐኪሙ፣ ወደ ዶን ኤውሎሂዮ። ትኩሳቱ ዛሬም ተመልሶበታል። አረቄ ይረጩበታል፣ ነፍሱንም ይጠሩለታል። ሐይቁ ዳር ውሻ ዘሎበት ደንግጦ፣ ነፍሱ እዚያው ቀርታለች።» ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺ ደግሞ ሳቂ። ነጭ ጋውን ከለበሳችሁ ወዲህ ለእናንተ ነፍስ የሚባል ነገር የለም።»

ለትምህርት ወጥተው የሚመለሱ ልጆች አንድ መጥፎ አመል ይዘው ይመጣሉ፤ ያገራቸውን ሰው ሁሉ እንደ ሕፃን መቆጣት። የነርስነት ተማሪዋ ኔሬይዳም ከዚህ አመል ነጻ አልነበረችም፤ ባለፈው ፋሲካ አክስቷን በሰው ፊት ገሥጻ እስከ ዛሬ እንደተኳረፉ ናቸው። አሁን ግን የአሮጊቷን ዓይን አየች፤ እንቅልፍ ያጣ ዓይን ነው። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አልስቅም እማማ። ግን ልጁ ይፋጃል፤ ብርድ ልብሱን እናንሳለት።»

«ላብ ካላወጣ ትኩሳቱ ወደ ውስጥ ይገባል። እናቴ እኔን እንዲህ ነው ያሳደገችኝ።»

«ድስት ሲከድኑት ይበርዳል ወይስ ይግላል?»

እማማ ኤርሜሊንዳ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ጀርባቸው ላይ ያለው ልጅ እንደ እንጨት ድርቅ አለ። ከዚያ መንዘፍዘፉ መጣ። ኔሬይዳ ልጁን ከማዘያው ፈታ፣ ጥላው ውስጥ በጎኑ አስተኛችው፤ ብርድ ልብሱን አጣጥፋ ራሱ ሥር አደረገችለት። አሮጊቷ በጉልበታቸው ተንበርክከው ማንኪያውን አወጡ።

«አይሆንም እማማ።»

«ምላሱን ይውጣል! አንቺ ልጅ ወልደሽ አታውቂም፣ ልቀቂኝ!»

«ምላስ አይዋጥም። ማንኪያው ግን ጥርሱን ይሰብራል፣ ስባሪው ያንቀዋል። እጁንም አይያዙት። የወፍጮ ቤቱን ሰዓት ይዩልኝ፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ መኪና አስቁመን ሆስፒታል እንሄዳለን።»

እማማ ኤርሜሊንዳ ሰዓቱን አዩ። ቆጣሪው የቆመ መሰላቸው። የልጁ አፍ አረፋ ደፈቀ። ለእናቱ ምን እንደሚሏት ማሰብ ጀመሩ፤ ሬሳውን በየትኛው ልብስ እንደሚገንዙት ሳይቀር አሰቡ። ማንኪያውን ጨብጠው፣ ሳይታወቃቸው ስሙን ይጠሩ ጀመር። «ሊሳንድሮ፣ እዚያ አትቅር፣ ና።» እኛ ዘንድ ደንግጦ ነፍሱ የቀረችበት ሰው በስሙ ሲጠራ አጠገቡ ያለው ሰው በእሱ ፈንታ «መጣሁ» ብሎ ይመልሳል። መላሽ ከጠፋ ነፍሲቱ መንገዱን አታገኝም ይባላል። አሮጊቷ ጠርተው መላሽ ሲያጡ ደግመው ጠሩ።

«መጣሁ» አለች ኔሬይዳ፣ ዓይኗን ከልጁ ሳታነሳ። «መጣሁ። ይጥሩት እማማ፣ እሱ አይጎዳውም።»

ሁለት ደቂቃ እንኳ በቅጡ ሳይሞላ መንዘፍዘፉ ቆመ። ልጁ ረጅም ትንፋሽ ሳበ፤ ከንፈሩም መልኩን መለሰ።

አውቶቡሱ መጣ፤ የተሳፈሩት ግን ወደ ዶን ኤውሎሂዮ ሳይሆን ወደ ክሊኒኩ ነው። መንገድ ላይ እማማ ኤርሜሊንዳ ሳምንቱን ሙሉ የፈሩትን ሁሉ ጠየቁ፤ ኔሬይዳም አንድ በአንድ መለሰች። የሕፃን አንጎል ገና ስላልጠና አንዳንዱን ልጅ ትኩሳት እንዲህ ያንዘፈዝፈዋል፤ አምስት ስድስት ዓመት ሲሞላው አብዛኛውን ይተወዋል። እንዲህ ባጭሩ የሚያልፍ መንዘፍዘፍ አንጎልን አይጎዳም፤ የሚጥል በሽታም አብዛኞቹን አይይዛቸውም። አረቄ ግን የሕፃን ቆዳ ስለሚመጠው ይመርዘዋል። ካለፈለት በኋላ አልነቃ ካለ ወይም አንገቱ ከደረቀ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

«ተመልሶ ይመጣል?» አሉ በመጨረሻ።

«ሊመጣ ይችላል። የትኩሳት መድኃኒቱም ሕመሙን ያቀልለታል እንጂ መንዘፍዘፉን ሁልጊዜ አያስቀረውም። አልዋሽዎትም።»

ከማጽናኛው ሁሉ በላይ ያመኑት ይህን ቃል ነው። የሚዋሽ ሰው እንዲህ አይልም።

ሐኪሙ የልጁ ጆሮ መመርቀዙን አይቶ መድኃኒት ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ አያቱ ለምሳ እንኳ ሲጠሩት «ሊሳንድሮ፣ ና» ይሉታል፤ እሱም «መጣሁ» ማለትን ለመደ።

ክረምት ሲገባ ትኩሳቱ ተመለሰ። ኔሬይዳ ሞሬሊያ ናት፤ ጎረቤት ሁሉ እርሻ ወርዷል። እማማ ኤርሜሊንዳ በዚያው ማንኪያ የበቆሎ አጥሚት ሲያማስሉ ልጁ ምንጣፉ ላይ ደርቆ ይንዘፈዘፍ ጀመር። እንደ በፊቱ ፈሩ፤ ፍርሃት በምክር አይጠፋም። እጃቸው ግን የሚያደርገውን አወቀ። በጎኑ አስተኙት፣ የአንገቱን ቁልፍ ፈቱ፣ ሰዓት አዩ። ማንኪያው ድስቱ ውስጥ ቀረ።

«ሊሳንድሮ፣ እዚያ አትቅር፣ ና» አሉ። የሚመልስ ሰው አልነበረም። ደግመው ጠሩ። መንዘፍዘፉ ቆመ፣ ልጁም አንቀላፋ። እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው እየደጋገሙ ይጠሩታል። አጥሚቱ እያረረ ቤቱን በጢስ ሞላው፤ ዞር ብለውም አላዩት።

ብዙ ቆይቶ ልጁ ዓይኑን ገለጠ። ጥርሶቹ ሁሉም በቦታቸው ናቸው።

«መጣሁ፣ አያቴ» አለ።